የጎንደር ቤተሰብ ከወር ገቢው ምን ያህል ይቆጥባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎንደር ከተማ በመሥሪያ ቤት፣ በገበያና በእቁብ ስብሰባ ስለ ቤተሰብ ቁጠባ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል፤ ቅደም ተከተላቸው ከቀላሉ ወደ ከበደው ነው።

አንድ ቤተሰብ ከወር ገቢው ምን ያህል ቢቆጥብ ጥሩ ነው?

ለሁሉም ቤት የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። በኪራይ ቤት የሚኖርና በአንድ ሰው ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ከገቢው ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ማስቀመጥ ከቻለ በደህና ሁኔታ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በራሱ ቤት የሚኖር፣ ባልና ሚስት ሁለቱም የሚሠሩበት፣ ልጆችም ገና ያልበዙበት ቤት ግን 20 በመቶና ከዚያም በላይ ማስቀመጥ አይከብደውም። ከሁሉ በላይ ልዩነት የሚፈጥረው የቤት ኪራይ መኖር አለመኖሩ ስለሆነ፣ ማራኪ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር ሠራተኛ ከወላጆቹ ጋር አዘዞ ከሚኖር የሥራ ባልደረባው ጋር ቁጠባውን ማወዳደሩ ከመጸጸት በስተቀር የሚያተርፍለት ነገር የለም።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወረው «ግማሹ ለግድ ወጪ፣ 30 በመቶው ለሚያምረን ነገር፣ 20 በመቶው ለቁጠባ» የሚለው ቀመር ምግብ ብቻውን የገቢውን ግማሽና ከዚያ በላይ ለሚወስድበት ቤት የተሠራ አይደለም። ቀመሩን ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ቁጠባ ለእርሱ እንዳልተፈጠረ ቆጥሮ ጨርሶ ሲተወው ይታያል፤ በወር 250 ብር ሊያስቀምጥ የሚችል ቤተሰብ 2,000 ብር ስላልቻለ ብቻ ምንም ሳያስቀምጥ ዓመቱ ያልፋል። በእኛ እምነት ትልቁ ጉዳት ይኸኛው ነው።

መቶኛው የሚሰላው ከጠቅላላ ደመወዝ ነው ወይስ እጅ ላይ ከሚደርሰው?

እጅ ላይ ከሚደርሰው ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መሠረት በዲግሪ አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ መነሻው 11,500 ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ይህ ደመወዝ በ30 በመቶ እርከን ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ከ30 በመቶው 3,450 ብር ላይ የእርከኑ ተቀናሽ 1,350 ብር ሲነሣለት ግብሩ 2,100 ብር ይሆናል። 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ደግሞ 805 ብር ነው። የሚቀረው 8,595 ብር ነውና 10 በመቶ ለመቆጠብ ያሰበ ሰው የሚያስቀምጠው 860 ብር ያህል እንጂ 1,150 ብር አይደለም። በዝቅተኛው የ6,000 ብር ደመወዝ ላይ ያለ ሠራተኛ ግብሩ 700፣ ጡረታው 420 ብር ሆኖ 4,880 ብር ይደርሰዋል፤ የዚህ 5 በመቶ 244 ብር ነው።

የጡረታ መዋጮው ራሱ ቁጠባ አይደለምን ብለው የሚጠይቁ አሉ። በእርግጥ ሠራተኛው ከሚያዋጣው 7 በመቶ ላይ አሠሪው 11 በመቶ ስለሚጨምርበት ለእርጅና የሚሆን ትልቅ ስንቅ ነው፤ ልጅ ሲታመም ወይም ኪራይ ሲጨምር ግን ሊነካ የማይችል ገንዘብ በመሆኑ ከቤተሰቡ የወር ቁጠባ ጋር መደመር የለበትም። ጡረታ የሌለው ነጋዴና የቀን ሠራተኛ በአንጻሩ ለእርጅናውም ጭምር ራሱ ማስቀመጥ ስላለበት፣ ተመሳሳይ ገቢ ካለው ደመወዝተኛ የበለጠ መቆጠብ ይጠበቅበታል።

እቁብ ከቁጠባ ይቆጠራል?

ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ይቆጠራል፤ ከወጣ በኋላ ግን አይቆጠርም። በወር 1,000 ብር የሚጣልበትና 12 አባላት ያሉት እቁብ ቢኖር፣ በመጨረሻው ወር 12,000 ብር የሚቀበለው አባል እስከዚያ ድረስ በእርግጥም ሲቆጥብ ከርሟል። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ግን ያለ ወለድ የተበደረ ሰው ነው፤ በቀጣዮቹ 11 ወራት የሚጥለው ዕዳውን ነው። ስለዚህ «በወር 1,000 ብር እቆጥባለሁ» ከማለቱ በፊት የወጣለት ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ መጠየቅ አለበት። ፍሪጅ ከተገዛበት ቤቱ ዕቃ አገኘ እንጂ ቁጠባ አላገኘም። ለሱቅ ዕቃ ማስገቢያ ወይም ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ ከዋለ ግን ከባንክ ቁጠባ የተሻለ ሥራ ሠርቷል።

የእቁብ ኃይሉ ማስገደዱ ነው። በቅዳሜ ገበያ የዕለት እቁብ ሰብሳቢው አመሻሽ ላይ ደብተሩን ይዞ በየሱቁና በየጉሊቱ ደጃፍ ሲደርስ፣ ነጋዴዋ የቀኑን ሽያጭ ገና ሳትቆጥር የእቁቡን ለይታ ትሰጠዋለች፤ እርሱም ከስሟ ትይዩ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ያንኑ ገንዘብ በገዛ ፈቃዷ ወደ ባንክ ትወስደዋለች ብሎ ማሰብ ያስቸግራል፤ ሰልፉ፣ ሱቁን የሚጠብቅ ሰው ማጣቱ፣ «ነገ አስገባዋለሁ» ማለቱ አለ። ይሁን እንጂ እቁብ የሚቆመው በዋስና በመተማመን ነው። ዋስ የማይጠይቅ፣ አባላቱ እርስ በርስ የማይተዋወቁበት፣ ከተለመደው እጅግ የበዛ ገንዘብ የሚጣልበት እቁብ ውስጥ አለመግባት ይመረጣል።

እድር፣ ማኅበርና ሰንበቴስ?

ቁጠባ አይደሉም፤ ወጪ ተብለው መመዝገብ አለባቸው። ነገር ግን የእድር መዋጮ ቁጠባን የሚጠብቅ ወጪ ነው፦ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና የቀብሩን ወጪ እድሩ ባይሸፍን ኖሮ የዓመታት ጥሪት በሦስት ቀን ያልቅ ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮም ከዚሁ ወገን ነው። መደበኛ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ ቁጠባ ለመጀመር ሲያስብ በቅድሚያ የመድን መታወቂያውን ማሳደስ አለበት ብለን በጽኑ እናምናለን፤ በአንድ የሆስፒታል ቆይታ ብቻ ዕቃቸውን የሸጡ ቤቶች በየሰፈሩ አሉና።

በወሩ መጨረሻ ምንም አይተርፈንም፤ ከየት እንጀምር?

በወሩ መጨረሻ የሚተርፍለት ሰው ጥቂት ነው። ቁጠባ የሚጸናው ደመወዝ በገባበት ቀን ከሁሉ አስቀድሞ ሲነሣ ነው፤ ከዚያም የተሻለው ጨርሶ እጅ ሳይገባ ሲቀነስ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ስላለ፣ አንድ ደብዳቤ ጽፎ በየወሩ የተወሰነ ብር ከደመወዝ እንዲቆረጥ ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ያለ ማኅበር የሌለበት ሠራተኛ ከደመወዝ ሒሳቡ ወደ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ በየወሩ የሚዛወር ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ ለባንኩ ሊሰጥ ይችላል።

መጠኑ በጅምሩ ትንሽ ይሁን። 860 ብር ጀምሮ በሁለተኛው ወር መልሶ ከማውጣት 300 ብር ጀምሮ ዓመቱን መዝለቅ ይበልጣል። ጎን ለጎን ለአንድ ወር ብቻ የወጪ ደብተር ይያዝ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቀዳዳ አንድ ትልቅ ወጪ ሳይሆን ከሰፈር ሱቅ በዱቤ የሚወሰደው ነው፤ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ስኳሩ በጥቂት በጥቂቱ ሲወሰድ ዋጋው አይጠየቅም፣ ሒሳቡ የሚታወቀውም ባለሱቁ ደብተሩን ሲገልጥ ነው። የዱቤውን ግማሽ በደመወዝ ቀን በአንድ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ወደ መግዛት የለወጠ ቤት፣ ኑሮውን ሳይጎዳ የመጀመሪያውን የቁጠባ ብር ከዚያው ያገኘዋል።

ገቢያችን በየቀኑና በየወሩ የሚለዋወጥ ቢሆንስ?

የባጃጅ ሹፌር፣ ጉሊት ነጋዴ፣ ጀበና ቡና የምትሸጥ እናት፣ አስጎብኚና የእጅ ባለሙያ በመቶኛ ማሰብ የለባቸውም። ለእነርሱ የሚስማማው አሠራር ያለፉትን ወራት አስቦ ገቢ ዝቅ ያለበትን ወር የቤቱ መደበኛ ገቢ አድርጎ መውሰድ፣ ኑሮን በዚያ ልክ ማበጀት፣ ከዚያ በላይ የተገኘውን ደግሞ አብዛኛውን ማስቀመጥ ነው። በዚህ ስሌት በአንዳንዱ ወር ቁጠባው ዜሮ፣ በሌላው ወር 40 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚያሳስብ አይደለም።

ከቱሪስት ጋር የተያያዘ ሥራ ያላቸው ቤተሰቦች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በደኅናው ዘመን በጥምቀት ሰሞን በጥር ብቻ የሚገኘው ገንዘብ የክረምቱን ወራት ይሸፍን ነበር። ኮሮና በ2012 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም ጦርነቱ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ የቆየው ግጭት እንግዳውን ሲያስቀሩት፣ የጥርን ገቢ በጥር የጨረሱ ቤቶች ቀድመው ተጎዱ። ገቢው በወቅት የሚመጣ ቤተሰብ የሦስት ወር ቀለብና ኪራይ የሚችል መጠባበቂያ ሳይዝ ወደ ሌላ ዓይነት ቁጠባም ሆነ ወደ ግንባታ ባይገባ ይመከራል።

ቁጠባችን ሁልጊዜ በመስከረም ለምን ያልቃል?

ምክንያቱ የዘመን አቆጣጠራችን ውስጥም አለ። ደመወዝ የሚከፈለው ለ12 ወራት ሲሆን ጳጉሜን የራስዋ ክፍያ የላትም፤ የነሐሴ ደመወዝ 35 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም 36 ቀን ማድረስ አለበት። በእነዚህ ቀናት ላይ የፍልሰታ ጾም ፍቺ፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮና የቅርጫ ድርሻ፣ የልጆች ደብተር፣ ዩኒፎርምና የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከዚያም መስቀል ይከተላሉ። ክረምቱ የእህል ዋጋ የሚወደድበት ወቅት መሆኑ ሌላው ጫና ነው። በሙስሊም ቤቶች ዒድ አል ፈጥርና አረፋ በየዓመቱ ቀናቸው ስለሚዞር ጫናው የሚወድቅበት ወር ይለያያል፤ የትምህርት ቤቱ ወጪ ግን ለሁሉም መስከረም ላይ ነው።

መፍትሔው የመስከረምን ወጪ እንደ ድንገተኛ አለመቁጠር ነው። አምና የወጣውን ደምሮ ለ11 ማካፈልና ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ በተለየ ሒሳብ ወይም ለዚሁ በተቋቋመ እቁብ ማስቀመጥ ይቻላል። ለቅርጫ በየወሩ የሚያዋጡ ጎረቤቶች ይህንኑ ነው የሚያደርጉት፤ አሠራሩ ለዩኒፎርምና ለደብተር የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ቁጠባን በወር መለካት ነው ወይስ በዓመት?

በዓመት ነው፤ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዞ መሄድ ቢያስፈልግ ይህን ይያዙ። ቀደም ሲል ያነሣነው 8,595 ብር የሚደርሰው ሠራተኛ በየወሩ 860 ብር አስቀመጠ እንበል። በ12 ወር 10,320 ብር ይሆንለታል። ለእንቁጣጣሽና ለትምህርት ቤት 4,000፣ ለፋሲካ ደግሞ 3,000 ብር ከዚያው ካወጣ በዓመቱ ማብቂያ የሚቀረው 3,320 ብር ነው። የዓመት የተጣራ ገቢው 103,140 ብር ስለሆነ በእርግጥ የቆጠበው 3 በመቶ በጥቂቱ በለጥ ያለ ነው። ሰውየው «10 በመቶ እቆጥባለሁ» ሲል አይዋሽም፤ የሚያወራው ስለ ማስቀመጡ እንጂ ስለ ማውጣቱ ስላልሆነ ነው።

ሁለቱም ገንዘቦች ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ስማቸው ይለይ። ለታወቀ በዓልና ክፍያ የሚጠራቀመው የዘገየ ወጪ ነው። ዓመቱን ዘሎ የሚሻገረው ደግሞ ቁጠባ ነው። ቤተሰብ በየዓመቱ መስከረም ማብቂያ ላይ፣ ከመስቀል ወጪ በኋላ፣ በባንክ፣ በማኅበርና በእጅ ያለውን ደምሮ ከአምናው ጋር ቢያስተያይ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ በየወሩ መቶኛ ከማስላት የበለጠም ይነግረዋል።

በጥር ጤፍ በኩንታል ገዝቶ ማስቀመጥ ቁጠባ ነው?

ጥሩ ልማድ ነው፤ ቁጠባ የሚሆነው ግን ትርፉ ሲቀመጥ ነው። ከደምቢያና ከሌሎች አካባቢዎች አዲሱ ጤፍ በብዛት የሚገባው ከመኸር በኋላ ስለሆነ ዋጋው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ረገብ ይላል፣ በነሐሴ ደግሞ ይወደዳል። በኩንታል የ1,500 ብር ልዩነት ቢኖርና ቤቱ 3 ኩንታል ቢገዛ 4,500 ብር ያተርፋል። ነገር ግን በነሐሴ ለጤፍ ሳይወጣ የቀረው ገንዘብ ወደ ሌላ ወጪ ከሄደ ቤቱ በላበት እንጂ አልቆጠበም። በነሐሴና በመስከረም የጤፉን ዋጋ እንደ ገዛ ቆጥሮ ወደ ባንክ ማስገባት ነው ነገሩን የሚያሟላው።

ጤፍ እንደ በቆሎና ማሽላ በነቀዝ አይጠቃም፤ ለማከማቸት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ጠላቶቹ እርጥበትና አይጥ ስለሆኑ ጆንያው ከወለል ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ለሕመም የተያዘውን መጠባበቂያ አውጥቶ ጤፍ መግዛት ግን አይገባም፤ ሌሊት ሆስፒታል ሲኬድ ጤፍ ወዲያው ወደ ገንዘብ አይለወጥም።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልክልን ገንዘብ ከገቢ ይቆጠራል?

በየወሩ የሚመጣና ኪራይ የሚከፈልበት ከሆነ ገቢ ነው። በበዓል ወይም ሲመች ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ከመደበኛው ገቢ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ኑሮው በዚያ ልክ ከሰፋ በኋላ ላኪው ሥራ ቢያጣ ወይም ትዳር ቢይዝ መመለሻው ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ግብይቱ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ 100 ዶላር የሚላክለት ቤተሰብ ከአሜሪካም ሆነ ከሌላ አገር ሳይጨመርለት በብር እጥፍ ያህል ማግኘት ጀመረ። ያን ጊዜ ጭማሪውን ከፍለው ያስቀመጡ ቤቶች ዋጋው ተከትሎ ሲወጣ ቻሉት። ከሚላከው ቢያንስ ግማሹን በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥና ለላኪው ምን ላይ እንደዋለ መንገር መልካም ነው፤ ብዙ ቅሬታ የሚነሣው ከዚህ ነውና።

ገንዘቡን የት ማስቀመጥ ይሻላል?

እንደ ዓላማው ይለያያል። ለድንገተኛ የሚሆነው በመደበኛ የባንክ ቁጠባ ሒሳብ ይሁን፤ የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ ባንክ ችግር ላይ ቢወድቅ እስከ 100,000 ብር ድረስ ለአስቀማጩ ዋስትና ይሰጣል። ወለድ የማይሹ አስቀማጮች በአብዛኞቹ ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት ያገኛሉ። ብድር ወስደው ቤት ለማደስ ወይም ሥራ ለመጀመር ያሰቡ ሰዎች ደግሞ በቁጠባና ብድር ማኅበር ቢቆጥቡ ይሻላል፤ ማኅበራቱ ብድር የሚሰጡት አባሉ ያጠራቀመውን መነሻ አድርገው ነውና። የማኅበሩ ሒሳብ በየዓመቱ ኦዲት መደረጉንና ጠቅላላ ጉባኤ መጠራቱን መጠየቅ የአባል መብት ነው።

ቴሌብርና ሲቢኢ ብር ትንሽ ገንዘብን ሰልፍ ሳይጠብቁ ለማስገባት ያመቻሉ። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ መተግበሪያውን ብቻ የለመዱ ሰዎች ተቸግረው ነበር፤ ኢንተርኔት የማይፈልጉትን *127# እና *847# ማወቅ ጠቃሚ ነው። በስልክ ያለ ገንዘብ በቀላሉ እንደሚገባ በቀላሉ ይወጣልና ለረጅም ጊዜ የታሰበውን እዚያ ባያስቀምጡት ይሻላል። በቤት ውስጥ፣ በሳጥንና በፍራሽ ሥር የሚቀመጠው ከአንድ ሳምንት ወጪ ባይበልጥ እንመክራለን።

ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች ነው፤ ታዲያ ባንክ ማስቀመጥ ኪሳራ አይደለም?

በስሌት ደረጃ ኪሳራ አለው፤ መደበቅም አያስፈልግም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ 7 በመቶ ነው፤ ከወለዱም ላይ ግብር ይቀነሳል። የዋጋ ንረት በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። አንድ ዓመት የተቀመጠ 10,000 ብር ከግብር በፊት 10,700 ብር ሲሆን፣ በዓመቱ መጀመሪያ 10,000 ብር ያወጣ የነበረው ዕቃ በ14 በመቶ ንረት 11,400 ብር ይገባል።

ከዚህ ተነሥቶ አለማስቀመጥ ግን ስሕተት ነው። ለድንገተኛ የተያዘ ገንዘብ ሥራው ማትረፍ ሳይሆን በአስፈላጊው ሰዓት መገኘት ነው፤ ያ ገንዘብ ባይኖር ቤተሰቡ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል፣ የአራጣ ወለድም ከዋጋ ንረት እጅግ ይበልጣል። ከመጠባበቂያው በላይ የተጠራቀመውን ግን በመደበኛ ሒሳብ ለዓመታት መተው አይጠቅምም። በጊዜ ገደብ ሲቀመጥ ወለዱ ላይ ከባንኩ ጋር መደራደር ይቻላል፤ በሚያውቁት ሥራ ላይ ማዋል፣ የሚማሩበትን ክፍያ መሸፈን፣ ቤት ላይ አንድ የሚከራይ ክፍል መጨመርም አለ። ወርቅ ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ ሆኖም ጌጥ ሲገዛ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ሲሸጥ ስለማይመለስ በአጭር ጊዜ ገዝቶ መሸጥ ያከስራል። ዶላር ከጥቁር ገበያ ገዝቶ ማስቀመጥ ሕገ ወጥ ነው፤ ለመታለልም ያጋልጣል።

ዕዳ እያለብን መቆጠብ አለብን?

እንደ ዕዳው ዓይነት ነው። አራጣ ካለ ቁጠባውን ሁሉ አቁሞ እርሱን መዝጋት ይቀድማል፤ ከቤት ሊሸጥ የሚችል ዕቃ ካለም ይሸጥ። የባንክ ወይም የማኅበር ብድር ክፍያው በጊዜው እየተከፈለ ከሆነ ግን ጎን ለጎን ትንሽ መጠባበቂያ መያዝ ተገቢ ነው፤ ያለዚያ አንድ ወር ሲያመልጥ ቅጣትና የዋስ ጭቅጭቅ ይመጣል። «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉትን የመሳሰሉ በስልክ የሚገኙ አጫጭር ብድሮች ለአንድ ጊዜ ችግር ሊጠቅሙ ይችላሉ፤ በየወሩ የሚወሰዱ ከሆነ ግን ቤቱ ከገቢው በላይ እየኖረ ነውና መታየት ያለበት ወጪው ነው።

ገንዘብ እንዳለን ሲታወቅ ዘመድ ይበደረናል፤ እንዴት እንያዝ?

ይህ ከከበዱት ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ መረዳዳት የኑሯችን መሠረት ስለሆነ «አትስጡ» ማለት አይቻልም፣ አይገባምም። የሚሠራው ዘዴ ለወላጅና ለዘመድ የሚሆነውን ከመጀመሪያው በወር ወጪ ውስጥ በስሙ መመደብ ነው። በገጠር ላለች እናት በየወሩ 500 ብር የሚልክ ልጅ፣ የዓመቱን 6,000 ብር አውቆት ስለሚልክ ቁጠባው አይናጋበትም። ከተመደበው በላይ ብድር ሲጠየቅ ቢቀር ቤተሰቡን የማይጎዳውን ያህል ብቻ መስጠትና በልብ እንደ ስጦታ መቁጠር ቂምን ያስቀራል። በጊዜ ገደብ ወይም በመሥሪያ ቤት ማኅበር የተቀመጠ ገንዘብ ወዲያው የማይወጣ መሆኑ ደግሞ ሳይዋሹ «አሁን በእጄ የለም» ለማለት ያስችላል።

ከትዳር ጓደኛ ደብቆ መቆጠብ ትክክል ነው?

እናቶቻችን በመቀነታቸው ቋጥረው ያቆዩት ገንዘብ ብዙ ልጆችን አስተምሯል፤ ገንዘቡ የተደበቀው ግን ብዙ ጊዜ ባልየው እንዳያጠፋው በመፍራት ነበር። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት በጋብቻ ውስጥ የሚገኝ ገቢ የጋራ ነው፤ በማን ስም ተቀመጠ የሚለው ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ በስምምነት ሦስት ሒሳብ መያዝ ይሻላል እንላለን፦ አንዱ በሁለቱም ፊርማ የሚንቀሳቀስ የቤተሰቡ ቁጠባ፣ ሁለቱ ደግሞ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ሳይጠያየቁ የሚያወጡት ትንሽ የግል ገንዘብ።

አንደኛው ወገን በመጠጥ፣ በቁማር ወይም በጫት የቤቱን ገንዘብ የሚያጠፋ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ልጆችን ለመመገብ ሲባል ለይቶ ማስቀመጥ ጥፋት አይደለም፤ በዚህ ጊዜ ሒሳቡን የሚያውቅ አንድ የሚታመን የቅርብ ዘመድ ቢኖር ይመረጣል። ደብተሩ ያለበትን ቦታና የባንኩን ቅርንጫፍ ሌላ ሰው የማያውቀው ገንዘብ፣ አስቀማጭዋ በድንገት ብትታመም ለልጆቹ ቶሎ ሊደርስላቸው አይችልም።